ወንፊት የምትዋሰው ጎረቤት

መቀሱ አንድ ሕግ ነበረው። አንድ ትዕይንት ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚል ጥያቄ ሲነሳ ዓይኑን ይጨፍንና ከትዕይንቱ በፊት ያለውንና ከትዕይንቱ በኋላ ያለውን ብቻ ያዳምጣል። ሁለቱ ገጥመው ነገሩ ካልተምታታ መሃል ላይ የነበረው ይወጣል። ዳይሬክተሩ ቢለምን፣ ተዋናዩ ቢያኮርፍ፣ ትዕይንቱን ለመቅረጽ ስንት ቀን ፀሐይ ተጠብቆ ቢሆን እሱ ግድ የለውም። “ተመልካች ያላየው ነገር አይናፍቀውም” ይላል። ከዚያ በላይ አስተያየት ከመቀሱ አፍ አይወጣም።

ወላጆቹ ያወጡለት ስም አለው፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያንን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ፊልም ቆራጭ በመሆኑ መቀስ ያለው ደላላው ነው። ደላላውም ቢሆን እውነተኛ ደላላ አይደለም፤ የድርጅቱ የሽያጭ ኃላፊ ነው። ድርጅቱ ተከታታይ ድራማ ይሠራል፣ የሠራውን መጀመሪያ ለትልቁ ጣቢያ ይሸጣል፤ ትልቁ ጣቢያ ሲጠግብ ለትንንሾቹ፣ ትንንሾቹ ሲጠግቡ ደግሞ ራቅ ብለው ላሉ ከተሞች ጣቢያዎች ያዞረዋል። “ያለችን አንዲት ላም ናት፤ ግን ሰፈር ለሰፈር እየዞረች ትታለባለች” ይላል ደላላው፣ በራሱ ቀልድ ቀድሞ እየሳቀ።

ታዲያ ገዢ ሁሉ የየራሱ መለኪያ አለው። አንዱ ጣቢያ መሃል ላይ ዜና ያነባል፣ አንዱ የሳሙና ማስታወቂያ ይደረድራል፣ አንዱ ሲጋራ አታሳዩብኝ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ስድቡ ይውጣልኝ ብሎ ይጽፋል። ያ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚመጣው ወደ መቀሱ ክፍል ነው። ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳው ድምፅ በሚመጥ ጥቁር ስፖንጅ ተለብጧል፣ የወንበሩ አንድ ክንድ በፕላስተር ታስሯል፣ ከበላዩ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ ያቃስታል። ከታች ያለው የጎማ ጥገና ቤት ጩኸት እዚያ አይደርስም። መቀሱ ዝናብ መዝነቡን የሚያውቀው ሰዎች ረጥበው ሲገቡ ነው።

ሚስቱ የልብስ ክፍሉ ሠራተኛ ነበረች። ተዋናዮቹ የሚለብሱትን ትሰፋለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፤ ከቤት በቀይ ሹራብ የወጣ ሰው መንገድ ላይ በሰማያዊ ሹራብ እንዳይታይ ትጠብቃለች። ያኔ ድርጅቱ “ባለ አምስት በር” የሚባል ተከታታይ ድራማ ይሠራ ነበር፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ተጠጋግተው የሚኖሩ የአምስት ቤተሰቦች ታሪክ ነው። አንድ ቀን ወንፊት ልትዋስ ብቅ የምትል ጎረቤት ሆና እንድትሠራ የተቀጠረችው ልጅ ቀረች። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ፣ እየሸሸ ያለውን ብርሃን አየ፣ ዙሪያውን ቢቃኝ መርፌ በከንፈሯ ይዛ የቆመችውን ሴት አገኘ።

“አንቺ፣ መርፌውን ትፊና በሩን አንኳኪ” አላት።

አንኳኳች፤ በሩ ተከፈተላት። “ወንፊት ታውሱኛላችሁ?” አለች። እንደ ተዋናይ አላለችውም። የእውነት ወንፊት እንደቸገራት ሰው፣ ትንሽ አፈር ትንሽ ቸኮል ብላ አለችው። የካሜራ ባለሙያው ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ ወዲያ ወንፊት የምትዋሰው ጎረቤት ሆና ቀረች። ድራማው እስኪያልቅ ድረስ ዓመታት ሙሉ ወንፊት ተዋሰች፤ አንድም ቀን ስትመልስ አልታየችም። ገበያ ስትወጣ የሰፈር ልጆች ከኋላዋ “ወንፊቱን መልሺ!” እያሉ ይሮጡ ነበር፤ እሷም ዞር ብላ “ነገ!” ትላቸዋለች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ወንፊት መዋስ ታሪክን ወደፊት አይገፋም። ባል ሊፋታ ሲል፣ ልጅ ልትኮበልል ስትል፣ ሌባው ሊያዝ ሲል ይንኳኳል፤ እሷ ትገባለች፣ ወንፊቷን ይዛ ትወጣለች፣ ሰዎቹም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። በመቀሱ ሕግ መሠረት መጀመሪያ የሚወጣው ይህ ትዕይንት ነው። ለየትኛውም ጣቢያ ደቂቃ ማሳጠር ሲያስፈልግ እጁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሚስቱ ነበር።

ማታ ቤት ሲገባ ትጠይቀዋለች። “ዛሬስ ገባሁ ወጣሁ?”

“ወጣሽ።”

“አይ አንተ! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። ዋናዋን ተዋናይት አግብተህ ቢሆን ኖሮ ትቆርጣት ነበር?”

“አልቆርጣትም።”

“እኮ ለምን?”

“እሷ ታሪክ አላት።”

ትስቅና በያዘችው ጨርቅ ትመታዋለች። ይህ ንግግር ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የሚያውቅ የለም፤ በመልሱ አንድም ቀን አላኮረፈችም። ለእሱም ነገሩ ቀልድ ከመሆን አልፎ አያውቅም ነበር።

ድራማው ባለቀ በዓመቱ ታመመች፤ ብዙም አልቆየች፣ ሞተች። ሐኪሙ ምን እንዳለው ቃል በቃል ያስታውሳል፤ የዚያን ጊዜ ምን እንደተሰማው ግን አያውቅም። ሊያጽናኑት የመጡት “ላይችል አይሰጥም” አሉት፤ “አልቅስ፣ ይውጣልህ” አሉት። አንዳንዶቹ ፊቱን እያዩ እርስ በርስ ተያዩ። አላለቀሰም። ሌሊቱን ሙሉ ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ ነበር፤ የራሱ ነው፣ ግን ቢቆነጥጡት አይሰማም። ደም እስኪመለስ ያማል ይባላል፤ እሱም ሕመሙን ጠበቀው። አልመጣም።

ወደ ሥራው ተመለሰ። ቤት ሲገባ ከእሷ የስፌት መኪና አጠገብ ቆሞ ዳቦ ይበላል፣ አንዲቷን ኩባያ ያጥባል፣ ይተኛል። ወንድሙ መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ይደውልለት ነበር። “እንዴት ነህ?” “ደህና።” “ምን ላምጣልህ?” “ምንም።” ከድንጋይ ጋር እስከ መቼ ይወራል? ወንድምየውም እየሰነበተ፣ እየሰነበተ፣ ተወው።

በዚህ መሃል ደላላው “ባለ አምስት በር”ን ለአንድ ሩቅ ከተማ ጣቢያ ሸጠው። መቀሱ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ማሰናዳት ጀመረ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሚስቱን ያያል። በሩን ስትከፍት ያቆማታል፤ ወደ ኋላ ይመልሳታል፤ እንደገና ያስገባታል። ድምጿን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ከአጠገቧ እንዳለው የበር እጀታ ነበር የሚያያት። ይህ አስፈራው። ሰው የሞተችበትን ሚስት እያየ እንዴት ስለ ብርሃኑ ያስባል? ፍርሃቱም ቢሆን ከሩቅ ነበር የሚሰማው።

ጣቢያው ያለበት ከተማ የአማቱ ከተማ ነው። ሚስቱ ለእናቷ አንድያ ልጅ ነበረች። የመጀመሪያው ክፍል በወጣ ዕለት፣ ገና ድራማው እንዳለቀ፣ አማቱ ደወሉ።

“አንተ ልጅ፣ አየኋት እኮ!”

“ማንን፣ እማማ?”

“ማንን ይላል እንዴ! ልጄን ነዋ። ወንፊቷን ልትዋስ መጣች።” ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንደምንም ተስተካከለ። “የለበሰችውን ግን ዓይኔ ደክሞ መለየት አቃተኝ። ምን ነበር?”

“አረንጓዴ ቀሚስ። ራሷ ነች የሰፋችው። አንገቱ ጋ ያለው ክር ግን ትንሽ ነጣ ይላል፤ አረንጓዴው ክር አልቆባት ነበር።”

“እንዴት አስታወስከው?”

“ስትሰፋው እኔ ነበርኩ መብራቱን የያዝኩላት።”

አማቱ “ነገስ ትመጣለች?” አሉት።

“ትመጣለች።”

“እንግዲያው አስቀድመህ ንገረኝ። ዓይኔ አላይ ሲል በአንተ ወሬ እሞላዋለሁ።”

እንዲህ ተጀመረ። በየምሽቱ ድራማው ሲያልቅ ይደውላሉ። “አየኋት፣ እንዳልከኝ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ” ይሉታል፤ ከዚያ የነገውን ይጠይቁታል። መቀሱም ይነግራቸዋል። መጀመሪያ ልብሷን ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ ሌላውም ተከተለ። በሩን ስታንኳኳ ቀለበቷ ይጮህ ስለነበረ ድምፅ ቀራጩ በመጣች ቁጥር አውልቂው እያለ ይነዘንዛት እንደነበር፤ አንድ ቀን ሳቋ አልቆም ብሎ ዋናው ተዋናይ ተናዶ መሄዱን፤ ግራጫዋ ቀሚስ ላይ ያለው ትልቁ ቁልፍ ከእሱ ካፖርት የተነቀለ መሆኑንና እሱም ክረምቱን በሙሉ አንገቱን ከፍቶ መክረሙን ነገራቸው። አማቱ ይስቃሉ፣ “ወይ ልጄ!” ይላሉ፣ ይጠይቃሉ። ሌላ ሰው ዘንድ የሚቆጥበው ቃል ሁሉ እዚያ ስልክ ላይ ያልቅ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለእሳቸው ሲል ነው፤ እሱ እንደዚያ ነበር የሚያስበው። የቸገራቸው አሮጊት ናቸው፤ አንድ ልጅ ነበረቻቸው፣ አሁን በቀን አንዴ በር አንኳኩታ ትገባላቸዋለች፣ ከዚያ ትወጣለች። እሱስ ምን ጎደለበት? የማይሰማው ሰው ምንም አይጎድልበትም።

የአማቱን ቤት ጸጥታም ወዶታል። የመቀሱ ጆሮ ለሥራው የተሳለ ነው፤ ሌላው ሰው የማይሰማውን የማቀዝቀዣ ጉርምርምታ ከተዋናይ ንግግር ሥር ለይቶ ያወጣል። ከአማቱ ድምፅ በስተጀርባ የሚሰማው ግን አንድ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ብቻ ነበር። እዚያ ቤት ቀረጻ ቢደረግ እንዴት ጥርት ይል ነበር ብሎ አስቧል። ከዚያ ያለፈ አላሰበበትም።

አንድ ጠዋት ደላላው ወንበር ሳይስብ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። “ጣቢያው ማስታወቂያ በዝቶለታል። ከየክፍሉ ስምንት ደቂቃ ይውጣልን ይላሉ።”

“ስምንት?”

“አንተን ምን ያስደነግጥሃል? መቀስ አይደለህ?”

ደላላው ሲወጣ መቀሱ ገና ካልታዩት ክፍሎች የመጀመሪያውን ከፈተ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ከፊት ያለውን ሰማ፣ ከኋላ ያለውን ሰማ። ገጠመ። እንደ ሁልጊዜው ገጠመ፤ መሃል ላይ ያለችው እሷ ነበረች። እጁ ግን አልታዘዘም። አለፋትና ከዚያ ቀጥሎ ያለውን የሽምግልና ትዕይንት ቆረጠ። በሚቀጥለው ክፍልም አለፋት፤ የሌባውን ስርቆት ቆረጠ። ወስኖ ያደረገው ነገር አልነበረም። ምሳውን በላ፣ ተመለሰ፣ ቀጠለ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሥራው ተጠናቆ ተላከ።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩት። ደላላው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ለወትሮው የማይጠፋው ሳቁ ዛሬ ጠፍቷል። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አድርገው ከጣቢያው የተላከውን ቅሬታ ከኮምፒውተራቸው ማንበብ ጀመሩ።

“የሁለተኛው በር ልጅ ሳትታጭ፣ ሳታገባ፣ በሚቀጥለው ክፍል ልጅ አቅፋ ተገኘች። ልጁ የማን እንደሆነ አልታወቀም። የአምስተኛው በር ሰውዬ ምንም ሳይሰርቅ ታሰረ። አያትየው ሳይታመሙ ተቀበሩ።” ቀና አሉ። “ወንፊቱን ግን አንድ ቀንም ሳታስታጉል ተውሳለች።”

“ተመልካቹ ደግሞ” አለ ደላላው፣ “ይህን ያህል ጊዜ የተዋሱት ወንፊት በከንቱ አይደለም ብሎ እየጠበቀ ነው። የተሰረቀው ወርቅ ወንፊቱ ውስጥ ነው የሚሉ አሉ። ሰዎች ተወራርደዋል አሉ!”

በሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም ይስቁ ነበር። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ማን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ቀብሯ ላይ ነበርኩ። አንተን መውቀስ ይከብደኛል። ግን ጣቢያው ውሉን አፈርሳለሁ እያለ ነው፣ እዚህ ቤት ደግሞ ስንት ሰው እንጀራው በዚህ ላይ ነው። ለሌላ ኤዲተር ልስጠው፤ አንተ ጥቂት ቀን ዕረፍ።”

መቀሱ ሌላ እጅ እሷን ሲያቆማት፣ ወደ ኋላ ሲመልሳት፣ ሲያወጣት ታየው። ሰውየው ምናልባት ስልክ እያወራ ይሆናል የሚቆርጣት።

“የለም” አለ። “እኔው እቆርጣታለሁ።”

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ቆረጣት። ከሁሉም ክፍል አወጣት። ሥራው ቀላል ነበር፤ ዓመታት ያደረገው ነው። ባልየው “ከዚህ ቤት እወጣለሁ!” ይላል፣ ሚስትየው “ውጣ!” ትላለች፤ በመካከላቸው በር እንደተከፈተ፣ አንዲት ሴት አፈር ብላ እንደገባች ማንም አያውቅም። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረው። በአንዳንዱ ትዕይንት እሷ ከወጣች በኋላም የማንኳኳቱ ድምፅ ይቀራል፤ ሰዎቹ ዞር ብለው ወደ በሩ ያያሉ፣ የሚገባ ግን የለም። ስለዚህ ማንኳኳቱንም እየፈለገ አጠፋው። የመጨረሻውን ሲያጠፋ የቀለበቷን ድምፅ ለየ። አጠፋው፤ ኮቱን ለበሰና ወደ ቤቱ ሄደ።

ያን ምሽት አማቱ እንደ ልማዳቸው ደወሉ፤ የዕለቱን አወሩና “ነገስ?” አሉት።

ነገ አዲሱ ነበር የሚወጣው። መናገር የነበረበት ያኔ ነው። “ከነገ ጀምሮ የለችም” ማለት ነው፤ ቃሉ ቀላል ነው። የእናት ደስታ ግን እንዴት በስልክ ይነጠቃል? ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

“ትመጣለች” አላቸው። “ጃንጥላ ይዛለች። ዝናብ ስላልነበረ ውሃ አርከፍክፈውባት ነው የገባችው። ጫማዋ ውስጥ ገብቶ በየእርምጃዋ ይጮህ ነበር።”

“ጉድ! ነገ አደምጣለሁ” አሉ አማቱ።

በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ ኩባያውን አጠበ፣ አንዴም ደገመው። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከፊቱ ተቀመጠ። ምን እንደሚላቸው አዘጋጅቷል፤ ጣቢያው ነው፣ ማስታወቂያው ነው፣ እኔ አይደለሁም። የመጨረሻው ውሸት ነበር፤ ቢሆንም አዘጋጅቶታል። ስልኩ ጮኸ።

“አየኋት!” አሉ አማቱ። “ከነጃንጥላዋ! ጫማዋም ሲጮህ ሰማሁት፣ ልክ እንዳልከው። ወይ ልጄ፣ ብርድ አይመታት ይሆን አልኩ።”

መቀሱ “እ... አዎ” ብሎ ስልኩን ዘጋ። ጣቢያው ተሳስቶ አሮጌውን አውጥቶ ይሆናል ብሎ ለደላላው ደወለ።

“ምን አሮጌ? አዲሱ ነው የወጣው” አለ ደላላው። “አሁን አመሰገኑን እኮ! ወንፊት የለ፣ ምን የለ፣ ታሪኩ እንደ ውሃ ፈሰሰ አሉ። ምነው?”

“ምንም።”

አማቱ አእምሯቸው ደክሞ ይሆን? ሲያስበው አደረ። ሥራ ላይም ዋለበት። በሚቀጥለው ምሽት ሲደውሉ ግን ቃላቸውን ትቶ ከቃላቸው በስተጀርባ ያለውን አዳመጠ። ቧንቧው ይንጠባጠባል። ሌላ ምንም የለም። ድራማው አሁን ነው ያበቃው፤ ከድራማው ቀጥሎ ጣቢያው የሳሙና ማስታወቂያ ዘፈን እየደጋገመ ይለቃል፤ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ አሁን እሱን ነው የሚሰማው። እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ ስንት ምሽት ይህን ጸጥታ ሰምቶ፣ አድንቆ አልፎታል!

“እማማ” አለ፣ “ቴሌቪዥኑን እስቲ ድምፁን ከፍ ያድርጉልኝ።”

ጠብ፣ ጠብ ይላል ቧንቧው።

“እማማ?”

“የለም፣ ልጄ” አሉ በመጨረሻ። “አልተከፈተም።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“የመጀመሪያውን ቀን አየኋት። በሩን አንኳኩታ ስትገባ አንጀቴ ተበጠሰ። እንደጨረሰች ገመዱን ነቀልኩት፤ እስከ ዛሬ አልሰካሁትም። በዚያ ሳጥን ውስጥ እየገባች ስትወጣብኝ ማየት አልቻልኩም።”

“ታዲያ ለምን... በየቀኑ አየኋት ይሉኝ አልነበረም?”

“አንተ አታወራማ!” አሉት፣ የተቆጡ ይመስላሉ። “ቀብሯ ላይ አፍህን ገጥመህ እንደ ግንድ ስትቆም አይቼሃለሁ። እሷም በሕይወት ሳለች ‘እማ፣ እሱ ሲከፋው ይዘጋል፣ በር የለውም’ ትለኝ ነበር። ያን ቀን ስደውልልህ ስለ ክሩ ስትነግረኝ ሰማሁ። አሃ፣ በዚህ በኩል ይከፈታል ማለት ነው አልኩ። ነገስ፣ ነገስ እያልኩ ያዝኩህ። ምን ላድርግ? ልጄስ ሄደች፤ አንተን ደግሞ ስትጠፋ ቆሜ ልይህ?”

መቀሱ የስልኩን ገመድ እንደሚፈልግ ሰው ጠረጴዛውን በእጁ ዳበሰ፤ ስልኩ ገመድ የለውም።

“ከትናንት ጀምሮ የለችም” አለ። “እኔ ነኝ ያወጣኋት። ከሁሉም። ማንኳኳቷንም።”

“ጃንጥላውስ?”

“ዋሽቼዎት ነው።”

“ደግ አደረግህ፤ እኔም ዋሽቼሃለሁ” አሉ። በረጅሙ ተነፈሱ። “እንዲያው ግን፣ ነገ ምን ለብሳ ነበር የምትመጣው?”

ያውቀዋል። ግራጫዋን ቀሚስ ነው፣ የእሱ ካፖርት ቁልፍ ያለበትን። ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

“ነገ አትመጣም፣ እማማ።”

ይህን ቃል እስከዚያች ደቂቃ ለማንም ብሎት አያውቅም፤ ለራሱም። ለሥራው እንደለመደው ዓይኑን ጨፈነ። ከእሷ በፊት የነበረውን አዳመጠ፣ ከእሷ በኋላ ያለውን አዳመጠ፤ የስፌት መኪናውን፣ አንዲቷን ኩባያ፣ ይህን ክፍል። አልገጠመም። በየትም በኩል ቢያዞረው አልገጠመም። ያን ጊዜ ሕመሙ መጣ፤ ስልኩን እንኳ ከአፉ ማራቅ ሳይችል፣ እንደ ልጅ እየጮኸ አለቀሰ።

አማቱ አልዘጉበትም። ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ ወንበር ሲስቡ ተሰማ።

“እዚሁ ነኝ፣ ልጄ” አሉት። “ተቀምጫለሁ።”